የማይደርቀው ጠብታ

ስድስተኛው ዳዶ እምቢ አለ።

እማማ ሸዋረገጥ አምስቱን በጣታቸው ፈተው ጭናቸው ላይ በዘረጉት የነጠላ ጫፍ ደርድረዋል። ስድስተኛው ግን ባለቤቱን የሚጠብቅ ይመስል ነክሶ ያዘ። ጎህ ገና መቅደዱ ነው። ከጥጆቹ ቤት ቆርቆሮ ላይ የሌሊቱ ዝናብ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከግድግዳው ወዲያ አሁን ታልባ ያበቃችው ቀይት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። አሮጊቷ ዳዶውን በነጠላቸው ጠቅልለው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ጠመዘዙት። ጮኸና ለቀቀ።

«እንዲህ ነው እንጂ» አሉ በሹክሹክታ። «በቤቴ እኔን እምቢ የሚል ብረት የለም።»

እንደ ሁለት ክዳን የተጋጠመው ክብ ብረት ተከፈተ። በመካከሉ ያቺ ነገር ተኝታለች፤ ነጭ፣ የመዳፍ ስፋት ያላት፣ በስሱ ወዝ የምታበራ። መሣሪያውን እዚህ የተከለችው ተማሪ ልጅ ሜምብሬን ትላታለች። እማማ ሸዋረገጥ ግን ካዩዋት ቀን ጀምሮ ስልባቦት ነው የሚሏት፤ የተፈላ ወተት ሲበርድ ከላዩ የሚያነሣውን ስስ ቆዳ ትመስላለችና።

በሁለት ጣት ጫፍ አነሷት። በቦታዋ ትናንት ማታ ከወተት ማጥለያቸው በልኳ ቆርጠው ያዘጋጁትን ነጭ ሻሽ አነጠፉ። ብረቱን ገጥመው ስድስቱን ዳዶ መልሰው አጠበቁ። ስልባቦቷን ደግሞ እንደ ሌባ አልጣሏትም። ማጥለያ ከደረቀ እንደሚሰነጠቅ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ንጹሕ የዝናብ ውሃ በግማሽ የያዘች ኢናሜል ጣሳ ውስጥ አስተኟትና ክዳን ደፉባት። አደራ ማለት እንዲህ ነው። ዛሬ ልጅቷ እውነተኛ ሆና ከተገኘች ዕቃዋን ሳይጎድል ትረከባለች። ሌባ ሆና ከተገኘችም ትረከባለች፣ ከስድብ ጋር።

ቤት ገብተው ጣሳዋን አልጋቸው ሥር ገፍተው ሲነሡ ጉልበታቸው ተንቋቋ። ከደጅ ጣሰው «እማማ! ወተት!» እያለ በሩን ይደበድባል።

ጣሰው በሰፈራቸው በበቾ ቦሬ ሻይ ቤት ያለው ሰው ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ወተቱን የሚወስደው ከሳቸው ነው። ከወተቱ ጋር ወሬ ያመጣል። ይህን ሁሉ ነገር የጀመረውም እሱ ነበር።

«ዛሬ ነው አይደል ከአዲስ አበባ የልጅቷን ሙከራ ሊያዩ የሚመጡት?» አለ ጣሰው ወተቱ እየተቀዳለት። «እኔ የለሁበትም። ግን ሰው ሁሉ የሚለው፣ የእበትዎን ጋዝ በሲሊንደር ሞልታ አጋሮ ትሸጣለች ነው። አባቷ እዚያ አይደል ያለው?»

«ሰው ሁሉ የምትለው ማን ነው? አንተ አይደለህ?»

«እኔማ አንዱ ነኝ።»

«አንዱ ከሆንክ ወተትህን ይዘህ ውጣ፤ ሌሎቹ እንዳይርባቸው።»

ጣሰው እየሳቀ ሄደ። እሳቸው ግን አልሳቁም። የዚህ ሰው ምላስ ምን እንደሚያወጣ ያውቃሉ። ለአካባቢው ወተት ሻጮች አንድ የቆየ ዘዴ አለ፦ ሰውን ማመን ሲያቅት ወተቱ ላይ ራስህ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጨምረህ ትሰጠዋለህ፤ ከዚያ ምን እንደሚል ትሰማለህ። ቀጠነብኝ ካለ ምላሱ ሚዛን ነው። ዝም ካለ ፈሪ ነው። ካመሰገነ አትመነው። ጣሰውን ከአምስት ዓመት በፊት በዚህ ሲፈትኑት «ዛሬ ደግሞ እንዴት ወፍሯል እማማ!» ብሎ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚለውን በግማሽ ነው የሚሰሙት። ግማሹ ግን ጆሮ ውስጥ ይቀራል፤ ክፋቱ እሱ ነው።

ልጅቷ ፈድሊያ ትባላለች። የአጋሮ ልጅ ናት፤ አባቷ ቡና ማጠቢያ ላይ ይሠራል፤ እሷ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ትማራለች። ከስድስት ወር በፊት ደብተር ይዛ ስትመጣ እማማ ሸዋረገጥ በሩን በግማሽ ብቻ ነበር የከፈቱላት። ደብተር ይዞ የመጣ ሰው አንድ ነገር ሳይወስድ ሄዶ አያውቅም። ድሮ አንድ ትሑት ልጅ ሜትር ይዞ መጥቶ፣ «ለጥናት ነው እማማ» ብሎ ጓሯቸውን ለክቶ፣ ሻያቸውን ጠጥቶ ሄደ። በዓመቱ የጓሮው እኩሌታ ከነባሕር ዛፉ መንገድ ሆነ። ሻዩም አብሮ ሄደ።

ፈድሊያ የፈለገችው መሬት አልነበረም። ከሦስቱ ላሞች እበት በጓሯቸው ጉድጓድ የሚወጣውን ባዮጋዝ ነው።

«የእርስዎ ጋዝ ለምን ነበልባሉ እንደሚሰንፍ ያውቃሉ?» አለቻቸው ያን ዕለት። «ከመቶው ሃምሳ ስምንት ብቻ ነው የሚነደው። የቀረው አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ እሳት የሚያጠፋ አየር። ውሃ የገባበት ወተት ማለት ነው።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ልጅቷ አላወቀችም። ለአርባ ዓመት፣ ለፈተና ካልሆነ በቀር፣ አንዲት ጠብታ ውሃ ወተቷ ውስጥ ያልጨመረች ሴት ደጃፍ ቆማ፣ ከጓሮዎ የሚወጣው ውሃ የገባበት ነው አለች። እማማ ሸዋረገጥ ፈገግ አሉ። የሚፈሩት ፈገግታቸው ነው።

«ታዲያ አንቺ ውሃውን አውጪልኝ» አሏት።

ይኸው ስድስት ወር ስታወጣ ቆየች። ከጉድጓዱ የሚመጣው ጋዝ አንድ ትልቅ የላስቲክ ከረጢት ይሞላል። ከዚያ ትንሿ ፓምፕ እየገፋች በዚያ ክብ ብረት ውስጥ ታሳልፈዋለች። ስልባቦቷ ፖሊመር ከሚሉት የተሠራች ናት፤ የፌስታል የሩቅ ዘመድ። ለዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎቿ አንድ ፈሳሽ ጠጥተዋል። ፈሳሹ እሳት የሚያጠፋውን አየር ይወዳል፣ እየሳበ በወዲያ በኩል ይለቀዋል፤ የሚነደው ወዲህ ይቀራል። የተባረረው አየር በቀጭን ቱቦ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውጭ ይወጣል። የቀረው ሁለተኛውን ከረጢት ይሞላል። ፈድሊያ የምትለው ይህን ነው።

እማማ ሸዋረገጥ የሚያዩት ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ከረጢት እስከ አፉ ሙሉ ነበር። ሁለተኛው እስከ ወገቡ ቢሞላ ነው። የጎደለው የት ሄደ? በግድግዳ ቀዳዳ ወጣ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ነጠረ የተባለውን ጋዝ አንድ ቀን እንኳ ምድጃቸው ላይ እንድትቀጥለው አልፈቀዱም። «የተሰረቀ ነገር ግማሹን ቢመልሱልኝ አልበላም» ብለው በልባቸው ዘግተውታል።

ፈሳሹም አላማራቸውም።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ጨው ነው እማማ። ፈሳሽ የሆነ ጨው።»

«ጨው ከሆነ ቅመሺው እስቲ።»

«ማሎ፣ እባክዎ እማማ! አይቀመስም።»

«የማይቀመስ ጨው፣ የማይታይ ስርቆት» አሉ እማማ።

ልጅቷ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት። «ደግሞ ፈጽሞ አይደርቅም። ውሃ ይተናል፣ አልኮል ይተናል፣ ይኼ ግን ወላሂ ዓመት ቢቀመጥ አይጎድልም።»

ይህን ውሸት ሊይዙት ቀላል ነበር። ፈድሊያ ዞር ስትል አንዲት ጠብታ በሻይ ማንኪያ ሰርቀው መስኮታቸው ላይ፣ ፀሐይ በሚመታበት አኖሩ። ሦስት ሳምንት አለፈ። በየማለዳው ያዩዋታል። ያቺ ጠብታ እንደ ዓይን አፍጥጣ ታያቸዋለች። አልጎደለችም። እውነት መሆኑ ይበልጥ አስፈራቸው። ምን ዓይነት ፈሳሽ ነው ፀሐይን የማያውቅ?

ትናንት ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ሞባይል የምታህለውን መለኪያዋን ይዛ «ዘጠና አንድ! እማማ፣ ዘጠና አንድ!» እያለች ጥጆቹ እስኪደነግጡ ዘለለች፤ የሞላውን ከረጢትም አፉን አስራ ጥግ አኖረችው። ዘጠና አንድ ያለው ማን ነው? እሷ ናት ያለችው። እማማ ሸዋረገጥ ቁጥር አያነቡም። የማያነብ ሰው የሚቀረው የተናጋሪውን ምላስ መፈተን ነው። ወተቱ ላይ ውሃ መጨመር።

ስልባቦቷን አወጡ። አሁን ብረቱ ውስጥ ያለው የወተት ሻሽ ነው፤ ማንንም ከማን የማይለይ። በእንግዶቹ ፊት ልጅቷ ዘጠና አንድ ካለች ነገሩ አለቀ።

እንግዶቹ አራት ሰዓት ላይ መጡ። መኪናቸው ጭቃ ለብሷል። የፈድሊያ አስተማሪ ዶክተር ዘላለም ቀድሞ ወረደ፤ ከኋላው ዕቃውን ለጥናቱ ያዋሱት፣ ወይንሸት የሚሏት፣ መነጽር ያደረገች፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴትና አንድ ዝም ያለ ሰው። ሴትዮዋ እማማ ሸዋረገጥን ዝቅ ብላ ሰላም ካለች በኋላ፣ ንግግር ሳታበዛ ወደ ጥጆቹ ቤት ገባች።

«ፈድሊያ፣ ይኼ ሦስተኛ ጉብኝታችን ነው» አለች። «ዛሬ ዓይናችን እያየ ካልለየ ፓምፑንም መለኪያውንም ይዘን እንደምንመለስ ተነጋግረናል። ሌላ የሚጠብቅ ሰው አለ።»

«እሺ» አለች ፈድሊያ። አዲስ ሻርፕ አድርጋለች። የፓምፗን ሽቦ ግድግዳው ላይ ሰካች።

እማማ ሸዋረገጥ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ፊት ማንበብ ይችላሉ፤ ለሱ ትምህርት ቤት አያስፈልግም። ፓምፗ ማጉረምረም ጀመረች። ልጅቷ ብረቱ ላይ ያለውን የግፊት መርፌ አየች፤ ቅንድቧ ተሰበሰበ። ቱቦውን ነካካች። እንደገና መርፌውን አየች። በትናንቱ ምትክ የታሰረው ባዶ ከረጢት መነፋት ሲጀምር መለኪያዋን ሰካች።

ልጅቷ ቁጥሩን አየችው። መለኪያውን ነቅላ እንደገና ሰካችው።

ዶክተር ዘላለም ከትከሻዋ በላይ አየና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። አሮጊት ነች ጆሮዋ አይሰማም ብሎ ይሆናል። «ትናንት የላክሽልኝ ዘጠና አንድ አይደል?» አለ በቀስታ። «መስመሩ ላይ ቀዳዳ ተፈጥሮ ነው። የትናንቱን ንገሪያቸው፣ እኛ ኋላ እናስተካክላለን።»

አሁን፣ አሉ እማማ ሸዋረገጥ በልባቸው። አሁን ነው። እጃቸው መቋሚያቸውን ጨበጠ። ልጅቷ አስተማሪዋን አየችው፣ ከረጢቱን አየችው፣ ከዚያ ወደ በሩ ወደሳቸው ተመለከተች፤ የሚረዳት የምትፈልግ ዓይን ነበር።

«ሃምሳ ስምንት» አለች ጮክ ብላ።

«እንዴት?» አለች ወይንሸት።

«ሃምሳ ስምንት ነው። እንደ ገባው ነው የወጣው። ምንም አልለየም።»

«የትናንቱ ግን...» አለ ዶክተሩ።

«የትናንቱ የትናንት ነው ዶክተር። ዛሬ ያነበብኩት ይኼን ነው።»

«ምክንያቱስ?» አለች ወይንሸት።

«አላውቅም። ባውቅ እነግርዎት ነበር።»

ሴትዮዋ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ዝም ያለው ሰው ወደ ፓምፗ ሄዶ ሽቦዋን ከግድግዳው ነቀለ። ማጉረምረሟ ቆመ።

እማማ ሸዋረገጥ ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። ቀጠነብኝ የሚል ምላስ በስንት ዓመት አንዴ ነው የሚገኘው? ተገኘ፤ ከዓይናቸው ሥር ስድስት ወር ተቀምጦ ተገኘ። ደስታው ግን እንደ ፈረሰ እርጎ ነበር፤ ውሃው ለብቻው፣ አይቡ ለብቻው። አሁን ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም። እንግዶቹ ይሄዳሉ፤ ማታ ልጅቷን አስመስለው ያጽናኗታል፤ ስልባቦቷን ቀስ ብለው ይመልሳሉ። ቢናገሩ ደግሞ ነገ ጠዋት ጣሰው ሻይ ቤት ውስጥ «ሸዋረገጥ መሐንዲስ ሆነች» እየተባለ ሦስት ወር ይሳቃል። በሕይወታቸው ተሳስቻለሁ ያሉት አንዴ ነው፤ እሱንም ለካህን ነው።

ሰውየው ፓምፗን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ፈድሊያ «ላግዝዎት፣ ከሥር ዘይት አላት፣ ልብስዎን እንዳትነካ» አለችው።

በዚህ ጊዜ ተነሡ።

«አስቀምጠው» አሉ ሰውየውን። «ዕቃው ደህና ነው። ውስጡ ያለው የኔ የወተት ሻሽ ነው።»

ማንም አልገባውም። መቋሚያቸውን ወደ ብረቱ ቀሰሩ። «ክፈቱት። ጠዋት ስልባቦቷን አውጥቼ ሻሽ ያደረግሁበት እኔ ነኝ። ዘጠና አንድ ትል እንደሆነ ልሰማ። አላለችም።»

ፈድሊያ ስድስቱን ዳዶ ፈታች። ሻሹ በልኩ ተቆርጦ፣ ጠርዙ ላይ አንዲት ሰማያዊ ክር ቀርታበት ተገኘ። ዶክተር ዘላለም «እማማ! ይኼ ስንት ሰው የደከመበት ጥናት መሆኑን ያውቃሉ?» አለ ፊቱ ቀልቶ።

«አንተ ዝም በል። አንተንም ሰምቼሃለሁ።»

ዶክተሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ፈድሊያ ሻሹን በእጇ እንደያዘች ቀና አለች። እንባ አልነበረም፤ ከእንባ የባሰ ነገር ነበር። «ለምን አልጠየቁኝም? በየቀኑ እዚህ ነኝ። ስድስት ወር!»

«ብጠይቅሽ መልስ ትሰጪኝ ነበር። መልስ ደግሞ ሁሉም ሰው አለው።»

ወይንሸት መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። «ሽፋኑ፣ ሜምብሬኑ ሳይኖር መሣሪያው ስንት እንደሚያነብ መለካት ነበረብን» አለች ለራሷ ያህል። «አሁን አውቀነዋል። አጋሮ ደርሰን ዐሥር ሰዓት ላይ በዚሁ እናልፋለን። እስከዚያ ሽፋኑ በቦታው ገብቶ ከለየ፣ ለየ።» ወደ እማማ ዞረች። «የት አለ?»

«በክብር ነው ያስቀመጥሁት» አሉ እማማ ሸዋረገጥ። «እንዳይደርቅ ብዬ ውሃ ውስጥ።»

የልጅቷን ፊት አዩት። ያን ፊት ያውቁታል፤ ጡት የሚጠባ ጥጃ የሞተባት ሰው ፊት ነው።

መኪናው ሲሄድ ጣሳዋ በሁለቱ መካከል ጠረጴዛ ላይ ነበረች። ስልባቦቷ ውሃው ላይ ተንሳፍፋለች፤ ወዟ ጠፍቶ እንደ ወረቀት ነጥታለች።

«ፈሳሹ ውሃ ይወዳል እማማ» አለች ፈድሊያ። አልተቆጣችም፤ ደክሟታል። «ከቀዳዳዎቹ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ሟምቷል። ሽፋን ሌላ አለኝ። ፈሳሹ ግን ያ የመጨረሻው ነበር።»

ውሃ። ቃሉ እማማ ሸዋረገጥ ደረት ላይ ተቀመጠ። አርባ ዓመት ለትርፍ ብለው የሰው ጣሳ ውስጥ አንዲት ጠብታ ሳይጨምሩ ኖረው፣ ዛሬ በገዛ እጃቸው፣ ያውም በክብር፣ ክዳን ገጥመው። ተነሥተው ወጡ። ልጅቷ የተቆጡ መሰላት።

ሲመለሱ የሻይ ማንኪያ ይዘው ነበር። ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። መሐሉ ላይ ያቺ ጠብታ አፍጥጣ ነበር።

«ይቺን ከአንቺ ከሰረቅሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። ሌባ ፈላጊዋ እኔ፣ ሌባዋም እኔ። ይኸው አልጎደለችም።»

ፈድሊያ ማንኪያውን አየች፤ ከዚያ ጣሳዋን።

«ቅቤ ስናነጥር» አሉ አሮጊቷ፣ «ቅቤውን ማን ከውሃው ለየው? እሳት ነው። ውሃው ይሄዳል። መሄድ የማያውቀው ይቀራል። አንቺው አይደለሽ አይደርቅም ያልሽኝ?»

ልጅቷ ጣሳዋን ወደ ራሷ ሳበች። «ከፈላ ይበላሻል» አለች። «በጣም በቀስታ መሆን አለበት። ጥቂት ውሃ ቢቀርበት እንኳ... አላውቅም እማማ። ይሆን እንደሆነ አላውቅም።»

«ቅቤ አሳርሬ አላውቅም። የትናንቱን ከረጢት አምጪ።»

«ምን?»

«ዘጠና አንድ ያልሽውን። በእኔ ጋዝ አይሆንም፤ ውሃ የገባበት ነው።»

ፈድሊያ ከረጢቱን ተሸክማ መጣች፤ ቱቦውን ከምድጃው አገናኘች። እማማ ሸዋረገጥ ክብሪት ጫሩ። እሳቱ እንደ ወትሮው ተንቀጥቅጦ፣ ቢጫ ምላሱን አውጥቶ አልመጣም። ሰማያዊ ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ፣ ፊሽ እያለ ቆመ። አሮጊቷ ትንሽ አዩት። ዝቅ አደረጉት፣ በጣም ዝቅ፤ በሰፊ ድስት ውሃ ጥደው፣ ስልባቦቷን አውጥተው፣ ጣሳዋን ከላይ አስቀመጡ።

ጊዜው ሄደ። የስምንት ሰዓቱ ዝናብ መጥቶ አለፈ። ከጣሳዋ ቀጭን እንፋሎት እየተነሣ መስኮቱን አደበዘዘው። ፈድሊያ ሰግዳ ተመለሰች። ጣሰው በአጥር በኩል አንገቱን አስግጎ «እማማ፣ ምን ተያዘ?» ሲል፣ «ምላስህ» ብለው መለሱለት።

ውሃው እየሳሳ ሲሄድ ጣሳዋ ጭስስ፣ ጭስስ ትል ጀመር። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ልታይ ስትል እማማ ሸዋረገጥ ክንዷን ያዙ።

«በዓይን አይደለም። ቅቤ ነጠረ የሚባለው ሲያዩት አይደለም። ውሃው እያለ ያወራል። ሲሄድ ዝም ይላል። ስሚ።»

ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ አሮጊቷ ጆሯቸውን ወደ ጣሳዋ ዘንበል አድርገው፣ ልጅቷ ደረቁን ሽፋን መዳፏ ላይ ዘርግታ። ከአጋሮ በኩል፣ ገና ከሩቅ፣ ዳገቱን የሚወጣ መኪና ድምፅ ተሰማ። ፈድሊያ አፏን ከፈተች።

እማማ ሸዋረገጥ ጣታቸውን አነሡ።

የጣሳዋ ጭስታ ተራራቀ። አንዴ መጣ። ቆየ። ደግሞ አንዴ መጣ።